የአያቴ የምኒልክ ብር ደረጃው ስንት ይባላል?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው።

አያቴ ባለፈው ክረምት አረፈች። ቤቷ የጁቤ አጠገብ ነው። ከአርባዋ በኋላ እናቴና አክስቶቼ ዕቃዋን ሲከፋፈሉ ለእኔ አንዲት ሙዳይ ደረሰችኝ። ክዳኗን ስከፍት ከአንድ አሮጌ የነጠላ ቁራጭ ጋር ሦስት ብር አገኘሁ። ሁለቱ ማርትሬዛ ናቸው፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለባቸው ጠገራ ብሮች። አንዱ የምኒልክ ብር ነው።

ማርትሬዛዎቹ ጠቁረዋል። አንዱማ ከሰል መስሏል። የምኒልኩ ግን ያበራል። በአንዱ ፊት ዘውድ የደፉት ንጉሥ አሉ። ዙሪያውን ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ይላል። በሌላው ፊት ባለ መስቀል በትር የያዘው አንበሳ አለ። ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ ይላል፤ አንድ ብር የሚልም አለበት። ዓመቱ ፲፰፻፹፱ ነው። ምኒልክ የነገሡት በ1889 ስለሆነ የዘውዱ መታሰቢያ ይመስለኛል።

ባህር ዳር ለአንድ ገዢ አሳይቼው አዲስ ነው ብሎኛል። እኔም አዲስ ነው ባይ ነኝ። በሰብሳቢዎች መለኪያ ከ70 ቢያንስ 60 ይገባዋል። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይህ ደረጃ ትክክል ነው? ማርትሬዛዎቹንስ እንደ እሱ እስኪያበሩ ላጽዳቸው? ፎቶ አያይዣለሁ።

...

ይህን ከለጠፍኩ ወዲህ 34 ምላሽ ገብቷል። የውይይቱ ክር ረዝሟል። መሃል ላይም ተቆጣጥተንበታል። አዲስ የሚገባ ሰው ነገሩ እንዳይጠፋበት ብዬ ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር እጽፋለሁ። የማንንም ስም አልጠራም።

ቁጥር 1 ከፍኖተ ሰላም ነው። ነፍስ ይማር ብሎ ጀመረ። ከዚያ ክብደቱን በግራም፣ ስፋቱን በሚሊሜትር ጠየቀኝ። የጠርዙንም ፎቶ ፈለገ። ሳይመዘን ስለ ብር ማውራት ከንቱ ነው የሚል ሰው ነው። እስከ መጨረሻውም ከዚህ አልተነቃነቀም።

ቁጥር 2 ፎቶዬን አልወደደውም። በፍላሽ የተነሳ ብር ሁሉ አዲስ ይመስላል አለ። መስኮት አጠገብ፣ ፍላሹን አጥፍቼ፣ ብሩን ትንሽ አዘንብዬ እንዳነሳው መከረኝ።

ቁጥር 3 ከዳንግላ የሚጽፍ መምህር ነው። ስህተቴን በጨዋ ደንብ አረመኝ። ብሩ ላይ ያለው ዓመት የእኛ አቆጣጠር ነው። ምኒልክ ነገሡ የሚባልበት 1889 ግን የፈረንጅ ነው፤ በእኛ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ነበር። ስለዚህ ብሩ የዘውድ መታሰቢያ አይደለም። የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ስለሆነ የእኔ ብር የድሉ ማግስት ዓመት ብር ነው። የተመታውም ፓሪስ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆየሁ። አያቴ ይህን ታውቅ ነበር? አይመስለኝም። ለእሷ የንጉሡ ብር ነበር፣ በቃ።

ቁጥር 4 የአንበሳውን እግር አየልኝ። ከምኒልክ ብሮች አንዳንዱ ላይ አንበሳው ግራ እግሩን፣ አንዳንዱ ላይ ቀኙን ያነሳል። ሰብሳቢዎች ይህን ለይተው ይመዘግባሉ። የእኔን ከዓመቱ ጋር አመሳክሮ ምንም እንግዳ ነገር የለበትም አለኝ።

ቁጥር 5 የባህር ዳሯ ሰብሳቢ ናት። ስለ ብር ደረጃ የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት ከእሷ ነው። ከ1 እስከ 70 ያለው መለኪያ የመጣው ከአሜሪካ መሆኑን አስረዳች። ዊልያም ሸልደን የሚባል ሰው በ1949 እ.ኤ.አ. ለአሮጌ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ነው። በኋላ ለሁሉም ዓይነት ሳንቲም ሆነ። 60 እና ከዚያ በላይ ማለት ገበያ ያልገባ፣ ከእጅ እጅ ያልዞረ ማለት ነው። 50ዎቹ ትንሽ ብቻ የተነካ ነው። 40 እና 45 ኤክስትራ ፋይን ይባላል። ከ20 እስከ 35 ቬሪ ፋይን ነው። ከዚያ ወደ ታች ፋይን እያለ ይወርዳል፣ 1 ላይ ሲደርስ ምን እንደሆነ ብቻ የሚለይ ጠፍጣፋ ብር ይቀራል። ስለዚህ እኔ 60 ስል ይህ ብር አንድም ቀን ዕቃ አልተገዛበትም ማለቴ ነበር። እንደዚያ ማለቴ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

ቁጥር 6 የሞጣው ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ተቆጡ። ለአባቶቻችን ብር የአሜሪካ ቁጥር ምን ያደርግለታል ብለው ጻፉ። የድሮ ነጋዴ ማርትሬዛ ሲቀበል በዓይኑና በጣቱ ነበር የሚያውቀው። የሴትዮዋን ደረት ጌጥ ያያል። የጌጡን እንቁዎች በጥፍሩ እየነካ ይቆጥራል። ከዘውዷ ላይ ያሉትንም እንዲሁ። ከትከሻዋ ሥር ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ካልታዩት አይቀበልም። የለሰለሰውን ወደ ባለቤቱ ይመልሰዋል። ይህን ሁሉ ከአባታቸው እንደሰሙ ገልጸው፣ በቁጥር የምናወራውን ሁሉ ገሠጹ።

ቁጥር 7 እንደገና የባህር ዳሯ ናት። አልተቆጣችም። ጋሼ የተናገሩት ራሱ ደረጃ ማውጣት ነው አለች። እንቁ የሚቆጠረው ብሩ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ስለሆነ ነው። ከፍ ብሎ የወጣው ነገር ቀድሞ ይላላጣል። የዛሬ ሰብሳቢም በመነጽር የሚያየው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እሱ ያየውን በቁጥር መጻፉ ነው። ይህ ምላሽ የክሩን መንፈስ ለወጠው። ሽማግሌውም ጥቂት ቆይተው፣ ልጄ ልክ ነሽ የሚል አንድ መስመር ጻፉላት።

ቁጥር 8 ከቡሬ ብር አንጣሪ ነው። እጁ ላይ ብዙ ጠገራ እንዳለፈ ያስታውቃል። ማርትሬዛም የምኒልክ ብርም አዲስ ሲሆኑ ክብደታቸው 28.07 ግራም አካባቢ ነው። ማርትሬዛ ከሺህ 833 እጁ ብር ነው፤ የምኒልኩ 835። የቀረው መዳብ ነው። ማግኔት አይስበውም። ግን ማግኔት የማይስበው ሐሰተኛ ብርም ስላለ የውሃውን ሙከራ እንድሠራ ነገረኝ። የውሃ ኩባያ ሚዛን ላይ ይቀመጣል። ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ብሩ በክር ታስሮ ውሃው ውስጥ ይንጠለጠላል፣ ታችና ጎን ሳይነካ። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ብሩ የገፋውን ውሃ ነው። የብሩ ክብደት ለዚያ ሲካፈል 10.2 አካባቢ መምጣት አለበት። መዳብ ከሆነ 9 እንኳ አይሞላም።

ቁጥር 9 የእኔ ነው። አንድ ወርቅ ቤት ለምኜ በሚዛናቸው መዘንኩ። የምኒልኩ 27.86 ወጣ። አንዱ ማርትሬዛ 27.72 ነው። ከሰል የመሰለው 27.31 ነው። በውሃ ውስጥ የምኒልኩ 2.73 ገፋ። ሳካፍለው 10.2 ሆነ። ማርትሬዛዎቹም ከዚያ አልራቁም። የወርቅ ቤቱ ልጅ ይህን ዘዴ አያውቀውም ነበርና ክሩን ይዞ ሦስቱንም ደጋግሞ ሠራው። ደስ አለን። ሦስቱም እውነተኛ ናቸው።

ቁጥር 10 ላይ የእኔ 60 ወደቀ። በመስኮት ብርሃን ያነሳሁትን አዲስ ፎቶ አይታ የጻፈችው የባህር ዳሯ ሰብሳቢ ናት። ብሩ ያበራል፤ ግን የማተሚያው ጸዳል አይደለም አለች። ልዩነቱን በራሴ ዓይን እንዳየው አንድ ነገር አዘዘችኝ። ክፍሉን አጨልሜ፣ አንድ መብራት ብቻ አብርቼ፣ ብሩን ከመብራቱ ሥር በቀስታ ላዟዙረው። ያልተነካ ብር ላይ ብርሃኑ እንደ ጋሪ ጎማ ዘንግ ከመሃል ወደ ዳር ተሰልፎ ይዞራል። የተወለወለ ብር ግን እንደ ማንኪያ በአንዴ በሙሉ ያበራና በአንዴ ይጠፋል።

ማታ ላይ ሠራሁት። የስልኬን መብራት ኩባያ ላይ አስደግፌ ብሩን በጠርዙ ይዤ አዞርኩት። ምንም ዘንግ አልዞረም። አበራ፣ ጠፋ። አበራ፣ ጠፋ። ከዚያ በማጉያ መነጽር ሳየው ከንጉሡ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ ላይ ጭረቶች አየሁ። ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ብዙዎቹ እየዞሩ የሄዱ ናቸው፣ ሰው በጣቱ አክብቦ እንዳሸው። ከምኒልክ ስም መጀመሪያ ያለው የም ፊደል ሁለት ዓይን አለው። በሁለቱም ዓይኖች ውስጥ ነጣ ያለ ግራጫ ነገር ደርቆ ቀርቷል።

ቁጥር 11 እንደገና የእኔ ነው። ተከራከርኩ። ጭረቱ ከቅጥነቱ የተነሳ አይታይም፣ ፊደሉ ሁሉ ይነበባል፣ የአንበሳው ዘውድም አለ ብዬ ጻፍኩ። ከ60 ቢወርድ እንኳ 55 ይሁንልኝ አልኩ።

ቁጥር 12 የማላውቀው ሰው ነው። ስለታም ነው። መልሱን ያልወደዱት ሰዎች ለምን ይጠይቃሉ ብሎ ጀመረ። የአንበሳው ጋማ እርስ በርሱ እንደተዋሃደ፣ ከንጉሡ ጆሮ በላይ ያለው ፀጉር እንደተላሰ ሕፃን እንኳ ያየዋል አለ። ባህር ዳር ያለው ገዢ አዲስ ነው ያለኝም ደስ እንዲለኝ ነው አለ። የሚገዛውም በግራም ሒሳብ እንደሚሆን ጨመረ። አነጋገሩ ደስ አላለኝም። በማግስቱ ግን ጋማውን በመነጽር አየሁት። ልክ ነው። ከአንገቱ ሥር ያለው ፀጉር አንድ በአንድ ይለያል። ትከሻው ላይ ያለው ግን ተድጦ አንድ ሆኗል።

ቁጥር 13 አስታራቂ ነበር። ከእንጅባራ። ለሁላችንም ቀስ በሉ አለን።

ቁጥር 14 የቡሬው ብር አንጣሪ ተመልሶ መጣ። የጠርዙን ፎቶ አጉልቶ አይቶ ማንም ያላየውን አየ። ከንጉሡ ዘውድ በላይ ጠርዙ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታክል ቦታ አለች። ቀለሟ ከሌላው ይለያል፣ ለስላሳ ናት፣ ትንሽ አብጣለች። እዚያ ቦታ ማንጠልጠያ ጆሮ ተበይዶበት ነበር አለ። ብሩ በማተብ ወይም በድሪ ላይ ለአንገት ተሰቅሏል። በኋላ ጆሮው ተነቅሎ ቦታው በሞረድ ተስተካክሏል። እንዲህ ያለውን በእጁ ብዙ ሠርቷል፣ ብዙም ነቅሏል። ሥራውን የሠራው ሰው ጎበዝ እንደነበረም መሰከረ።

ደረጃ የሚሰጡት የውጭ ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ብር ተራ ቁጥር እንደማይሰጡት በቁጥር 15 የገለጸችው የባህር ዳሯ ናት። ምን ያህል እንዳለቀ ይጽፉና ከጽሑፉ ጎን «ጌጥ ነበረ፣ ተወልውሏል» ብለው ያክሉበታል። ዋጋው በዚያ ይወርዳል። የእሷ ፍርድ ይህ ነበር፦ ቬሪ ፋይን፣ 30 አካባቢ፣ የተወለወለ፣ ጆሮ የነበረው።

ከ16 እስከ 20 ያለው ከነገሩ የወጣ ነው። ግን ማሳጠር ያሳዝነኛል። 16ኛዋ ከቢቸና ናት። የእናቷ ድሪ አምስት ማርትሬዛ እንደነበረበትና በድርቅ ዓመት አንድ በአንድ እየተነቀለ እህል እንደተገዛበት ጻፈች። አንዱን ብቻ አስቀርተውታል፤ እሱ ዛሬም አንገቷ ላይ ነው። ደረጃው ስንት እንደሆነ አልጠየቀችም። ማንም አልነገራትም።

17ኛው የየጁቤን ስም አይቶ ስለ ባሶ ገበያ አነሳ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባሶ ከጎጃም ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበረ፣ ከአባይ ማዶ የሚመጣው ነጋዴም ይገናኝበት ነበር። የአያቴ ዘመዶች እዚያ ገበያ ላይ ሳይነግዱ አልቀሩም ብሎ ገመተ። ብር ያነሰበት በአሞሌ ጨው ይገበያይ እንደነበርም አነሳ። 18ኛው ስለ አሞሌ አረመው። አሞሌ ቁርጥ ዋጋ አልነበረውም። ጨው ከሚቆረጥበት ከአፋር በረሃ እየተራቀ ሲሄድ ጨው ይወደዳል፣ ስለዚህ አንድ ማርትሬዛ የሚገዛው አሞሌ እየቀነሰ ይመጣል። 19ኛው በ1933 ዓ.ም. ከሱዳን በግመል ወደ ጎጃም የገባውን ጦር አነሳ። እንግሊዞች ለስንቅና ለጭነት የሚከፍሉት በማርትሬዛ ነበር። አያቱ ያን ጊዜ ያገኙትን ጠገራ ጎተራ ሥር ቀብረው ቦታውን ሳይናገሩ ሞተዋል። እስከ ዛሬ ቤተሰቡ ይቆፍራል። 20ኛው ክሩን ወደ ርዕሱ መለሰ። በጨዋ ቃል ነው የመለሰው፣ ግን ቆፍጠን ብሎ።

21ኛው ስለ ማርትሬዛዎቼ ጠየቀ። ሁለቱም 1780 ስለሚሉ ከምኒልክ ብር መቶ ዓመት ይበልጣሉ ወይ አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የዳንግላው መምህር በ22 መለሰለት። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይይዛል። ቪየና ብቻ አይደለም የመታችው። ሮም ከ1935 ጀምራ፣ ለንደን ከ1936 እስከ 1961፣ ቦምቤይ በ1940ና 41፣ ፓሪስና ብራስልስም መትተዋል። ቪየና ዛሬም ትመታለች። ስለዚህ ዓመቱ ዕድሜውን አይናገርም። የሚናገሩት የደረቷ ጌጥ አሠራር፣ በሌላው ፊት ያለው የንስር ጭራ ላባ አደራደርና የፊደላቱ ቅርፅ ናቸው። ጠርዙ ላይ በፍትሕና በምሕረት የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ መታየት አለበት። ጠርዙ ለስላሳ ከሆነ ወይ ተሞርዷል ወይ ሐሰት ነው።

የእኔዎቹ ጠርዝ ላይ ጽሑፉ አለ። ከሰል በመሰለው ላይ ግን ግማሹ ተድጧል። 27.31 የሆነው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ዋናው ጠብ መጣ። ማርትሬዛዎቹን ላጽዳ ወይስ ልተዋቸው? በ23 የቡሬው አንጣሪ አጽዳቸው አለ። እሱ ቤት የጠቆረ ብር አይሸጥም። ደንበኛ የሚፈልገው የሚያበራ ነው። በ24 የባህር ዳሯ አይሆንም አለች። ብር አይዝግም፤ ይጠቁራል። ጥቁረቱ ከአየርና ከጭስ የመጣ ሰልፈር ከብሩ ጋር ተዋህዶ የሠራው ስስ ቆዳ ነው። የብሩ ፊት ራሱ ነው ወደ ጥቁር የተለወጠው። ስለዚህ ጥቁረቱ ታሽቶ ሲነሳ የብሩም ፊት አብሮ ይነሳል። የጎጃም ማድ ቤት ጭስ ያለበሰው መልክ ሃምሳና ስድሳ ዓመት የፈጀ ነው። በአንድ ሎሚ ይጠፋል፤ መልሶ የሚያመጣው የለም።

አንጣሪው በ25 ተቆጣ። ሰብሳቢዎች ብር ለዓይን እንጂ ለአንገት እንደማይመስላቸው ጻፈ። የጎጃም ሴት ጌጧን ለበዓል ስታበራ የኖረች ናት፣ እናንተ ይህን ጥፋት ታደርጉታላችሁ አለ። 26ኛው ከእሱ ጎን ቆመ። 27ኛው የብር አንጣሪዎችን ሁሉ ጠርቶ ስንት ታሪክ አቅልጣችሁ መስቀልና ቀለበት አደረጋችሁት ብሎ ወቀሰ። ይህ ከመጠን ያለፈ ነበር። ሰው እንጀራው ላይ ነው የተነካው። የሞጣው ሽማግሌ በ28 ገብተው ሁለቱንም ዝም አሰኙ። የተሰቀለ ጌጥ የሚያበራ መሆኑን፣ የተቀመጠ ብር ግን እንደተገኘ የሚቀመጥ መሆኑን ተናገሩ። ይህ ልጅ ሊሰቅለው ነው ወይስ ሊያስቀምጠው? መጀመሪያ እሱን ጠይቁት አሉ።

ማንም አልጠየቀኝም ነበር። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም ነበር።

29ኛው በመሃል ገብቶ በውስጥ መልእክት ብሩን ወደ ውጭ አገር የሚወስድ ገዢ እንዳለው ጻፈ። መልስ የሰጠው ቁጥር 1 ነው። አሮጌ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንደማይወጣ አስታውሶ፣ እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ክር ላይ እንዳይመጣ ጠየቀ። አመሰግነዋለሁ።

30 የእኔ ነው። ሌሊት ላይ ነው የጻፍኩት። ሙዳይዋን እንደገና ከፍቼ የነጠላውን ቁራጭ አወጣሁ። እስከዚያ ቀን ብሩን የጠቀለለች ጨርቅ ብቻ ናት ብዬ ነበር። ስዘረጋት መሃሏ ላይ ግራጫ ክብ ክብ ነገር አለ። አሸተትኳት። ምንም አትሸትም። ግን አስታወስኩ።

ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። የጥምቀት ዋዜማ ነው። አያቴ መደብ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ከምድጃው አጠገብ ነኝ። የተሰበረ ገል ላይ አመድ አምጥታልኝ፣ ግማሽ ሎሚ ሰጥታኝ፣ ንጉሡን አብራልኝ አለችኝ። ያን ጊዜ ብሩ ጆሮ ነበረው፤ በጥቁር ክር ነበር የሚንጠለጠለው። በዚያች ጨርቅ አሸሁት። አክብቤ አክብቤ አሸሁት። ሳበራው ጉንጬን ሳመችኝ። በማግስቱ አንገቷ ላይ አድርጋው ታቦት ሸኘች። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ለእኔ ትሰጠኝ ነበር፣ ለትምህርት ወደ ከተማ እስከወጣሁ ድረስ። በም ፊደል ዓይን ውስጥ ያለው አመድ እሱ ነው። ጭረቶቹም የእኔ እጅ ናቸው።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ክሩ ለአንድ ቀን ዝም አለ።

31 አንጣሪው ነው። ለባህር ዳሯ ሰብሳቢ ይቅርታ ጠየቀ። ጆሮው የተነቀለው ምናልባት ክሩ ሲበጠስ እንዳይጠፋ ተብሎ ይሆናል ብሎ ገመተ። ማርትሬዛዎቹን አታጽዳ አለኝ፤ ሐሳቡን ቀይሯል። 32 እሷ ናት። ደረጃው አይቀየርም አለች፤ ቬሪ ፋይን፣ የተወለወለ። ግን እሷ ብትሆን ይህን ብር ለማንም እንደማትሸጥ ጻፈች። ስለ አቀማመጥም አስተማረችን። በጠርዙ ብቻ ይያዝ። ማርትሬዛዎቹ ላይ አቧራ ካለ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቁ፣ አይታሹ፣ በጨርቅ ነካ ነካ ተደርገው ይድረቁ። ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ አይቀመጡ፤ ጊዜ ሲቆይ አረንጓዴ ነገር ያመነጫል። በላስቲክ አይታሰሩ፤ ላስቲክ ሰልፈር ስላለው ያጠቁራል። የወረቀት ፖስታ ይበቃል።

33 ቁጥር 1 ነው። ሁሉንም ነገር ፖስታው ላይ እንድጽፍ አዘዘኝ፣ ክብደቱን ሳልረሳ። ጻፍኩ። የምኒልክ ብር። ፲፰፻፹፱። 27.86 ግራም። ቬሪ ፋይን። ጆሮ ነበረው። ተወልውሏል።

34 የሞጣው ሽማግሌ ናቸው። ማን እንደወለወለውና ለማን እንደወለወለው ካልተጻፈ ጎደሎ ነው አሉ። ፖስታውን ገልብጬ በጀርባው የእኔንና የእሷን ስም ጻፍኩ። የነጠላዋን ቁራጭም አብሬ ከተትኳት።